ኮዬ ፈጬ፦ መሬቱ የአንዱ፣ ብድሩ የሌላው፣ ቤቱስ የማን?

«ኮዬ ፈጬ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የ2011 ዓ.ም. ግርግር ነው። ዕጣ ወጣ፣ ሰልፍ ተወጣ፣ ቤቱ ሳይተላለፍ ቆመ። ፌስቡክ ላይም ሁሉም ወገን ይዞ ሲሰዳደብ ከረመ። ስድቡን ወደ ጎን ብናደርገው ግን ከሥሩ የምናገኘው ቀላል የገንዘብ ጥያቄ ነው። አብረው በሚኖሩ፣ አንድ ብር በሚጠቀሙ፣ ግን ለየብቻ በሚተዳደሩ አካባቢዎች መካከል አንዱ ለሌላው ሲል የሚከፍለው ስንት ነው? ማንስ ወሰነለት?

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓን ከ10 ዓመት በላይ ያናቆረው የዕዳ ቀውስም በዚሁ ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር። ዛሬ ከኮዬ ፈጬ ተነስተን፣ አውሮፓን አየት አድርገን እንመለሳለን። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ አውሮፓ ስንደርስ እ.ኤ.አ. እንላለን።

ኮዬ ፈጬ የት ነው?

ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ በኩል ያለ አካባቢ ነው። ኮንዶሚኒየም ሳይተከልበት በፊት የእርሻ መሬት ነበር። ቤቱን የሠራው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ደግሞ መሬቱ በእኔ ወሰን ውስጥ ነው ይል ነበር።

አዲስ አበባ ዙሪያዋን በኦሮሚያ የተከበበች ከተማ ናት። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን እንደ ቀለበት ይዘዋታል። እነዚህ ከተሞች በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን በሚል በአንድ ተዋቅረው ነበር። ዋና ከተማዋ ስትለጠጥ የምትለጠጠው ወደ እነሱ ነው። በዚህ ላይ በካርታ የሠፈረና ሁለቱም ወገን የተስማማበት ወሰን ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

ቤቱ በማን ገንዘብ ተሠራ?

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የተጀመረው አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ነው። በ1997 የመጀመሪያው ምዝገባ ተካሄደ። በ2005 ደግሞ ሁለተኛው ዙር ሲከፈት የተመዘገበው ሰው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት እዚህ ጋ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው ቀድሞ የሚቆጥበው ድርሻ ነው፤ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው።

በ20/80 ለባለ አንድ መኝታ የተመዘገበ ሰው በየወሩ 274 ብር ለ5 ዓመት ይቆጥብ ነበር። ስናሰላው 16 ሺህ 440 ብር ይሆናል። አሁን ትንሽ ይመስላል፤ ያኔ ግን ለመምህርም ለጥበቃም ከደመወዝ ላይ የምትቆረጥ እውነተኛ ብር ናት። 5 ዓመቱ በ2010 አለቀ። ቤቱ ግን ገና ነበር።

ቁጠባው ብቻውን ሕንፃ አያቆምም። ግንባታው የቆመው በብድር ነው። የከተማው አስተዳደር ቦንድ ያወጣል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፤ ማለትም ባንኩ ለከተማው ያበድራል። ቤቱ ለባለ ዕድለኛ ሲተላለፍ ዕዳው ወደ ነዋሪው ይዞራል፣ ነዋሪው በየወሩ ለባንኩ ይከፍላል፣ ከተማውም ከቦንዱ ይላቀቃል። ሰንሰለቱ የሚሠራው ቤቱ ሲተላለፍ ብቻ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ከተቀመጠ ወለዱ ይቆጥራል፣ የሚከፍል ሰው ግን የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ንግድ ባንክ የአዲስ አበባ ባንክ አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥት ነው። ተቀማጩ ከጋምቤላም፣ ከሰመራም፣ ከደብረ ማርቆስም የመጣ ነው። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም መጀመሪያ አካባቢ በክልል ከተሞችም ተሞክሮ ነበር፤ በኋላ ግን በትልቁ የቀጠለው አዲስ አበባ ላይ ነው። ስለዚህ ሰመራ ቁጭ ብሎ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ዕጣ ውስጥ የማይገባበትን ቤት በገንዘቡ ይደግፋል ማለት ነው። ይህ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ አገር ማለት በከፊል ይኸው ነው። ጥያቄው ሰውየው ያውቃል ወይ፣ ተጠይቋል ወይ ነው።

አርሶ አደሩ ምን አገኘ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ አርሶ አደሩ ሲነሳ ካሳ የሚሰላለት በመሬቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን በላዩ ባለው ንብረትና በሚያገኘው ምርት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የሚነሳ ሰው የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር።

እስቲ አስቡት። አንድ ገበሬ በጤፍና በስንዴ ሂሳብ 10 ዓመት ይከፈለዋል። መሬቱ ግን በማግስቱ የከተማ መሬት ሆኖ ዋጋው በጤፍ አይለካም። ልዩነቱ የሚገባው ለከተማው፣ ለባለሀብቱ፣ ለቤቱ ባለቤት ነው። ብሩን ይዞ የወጣው ገበሬ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ብሩ ሲያልቅ የሚጠብቀው የቀን ሥራ ወይም ጥበቃ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ስሌቱን አሻሽሎ ከ3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሆን አድርጓል። ለኮዬ ፈጬ ገበሬ ግን አዋጁ የመጣው ሕንፃው ከቆመ በኋላ ነው።

ታዲያ ለምን 2011 ላይ ፈነዳ?

ቁጣው በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድ ያያዘው ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነሳ። በ2008 ተቃውሞው በመላ ኦሮሚያ ተቀጣጠለ፣ የሰው ሕይወት አለፈ፤ ጥር 2008 ላይ ኦሕዴድ ዕቅዱ እንዲሰረዝ ወሰነ። ከማስተር ፕላኑ ትግል ጀርባ የነበረው ትልቁ ስሜት «ከተማው ሲያድግ እኛ እንነሳለን» የሚል ነበር።

የካቲት 27 ቀን 2011 የአዲስ አበባ አስተዳደር ለ51 ሺህ 229 ቤቶች ዕጣ አወጣ። 32 ሺህ 653ቱ የ20/80፣ 18 ሺህ 576ቱ የ40/60 ነበሩ። ከ20/80ዎቹ ውስጥ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ነበሩበት። ወዲያው በኦሮሚያ ከተሞች ወጣቶች ሰልፍ ወጡ። የክልሉ መንግሥትም ወሰኑ ሳይለይ ቤቶቹ እንዳይተላለፉ የሚል አቋም ያዘ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ አቋቋመ።

እዚህ ጋ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ዓመታት ቆጥቦ፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ ቤተሰቡ እልል ያለለት ሰው ነው። በሳምንቱ «ቆይ» ተባለ። ሌላው የአባቱ መሬት ላይ የቆመውን ሕንፃ ከሩቅ እያየ ዕጣው ውስጥ የሌለበት ወጣት ነው። ሁለቱም ተበድያለሁ ይላሉ፤ ሁለቱም ውሸት አላወሩም። የሚያሳዝነው እርስ በርስ መጠማመዳቸው ነው፤ መሬቱንም ብድሩንም የወሰነው ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም።

አውሮፓ ምን አገናኘው?

የዩሮ አገሮች አንድ ገንዘብ ይጠቀማሉ፣ በጀታቸው ግን የየራሳቸው ነው። ውላቸው አንቀጽ 125 ላይ አንዱ አገር የሌላውን ዕዳ አይሸከምም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግሪክ ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታት ግን ዝም ብለው ማየት አልቻሉም፤ እሷ ከወደቀች የራሳቸው ባንኮችም ይናወጣሉ። ስለዚህ የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተዘጋጀ፣ ከደመወዝና ከጡረታ ቅነሳ ጋር። ሁለት ተጨማሪ ዙሮች ተከተሉ።

ስድቡም ተጀመረ። ቢልድ የተባለው የጀርመን ጋዜጣ ግሪኮችን ደሴታችሁን ሽጡ አላቸው። ግሪኮች ደግሞ ጀርመኖችን የጦርነቱን ዘመን እያነሱ መለሱላቸው። የጀርመን ሠራተኛ «በኔ ግብር የሌላው ጡረታ» አለ። የግሪክ ሠራተኛ «ብሩን መች አየሁት?» አለ። እሱም እውነት ነበረው፤ ከብድሩ አብዛኛው የሄደው የቀድሞ አበዳሪዎችን ለመክፈል ነው፤ ከእነሱ መካከል የፈረንሳይና የጀርመን ባንኮች ነበሩ። በግሪክ ሥራ አጥነት በ2013 ወደ 27 በመቶ ደረሰ።

ለኛ ታሪክ በጣም የምትቀርበው ግን ስሎቫኪያ ናት። ከግሪክ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈልባት አገር ሆና ለማዳኛው ፈንድ ዋስ ሁኚ ተባለች። «ድሃው ለሀብታሙ ለምን?» የሚል ክርክር ፓርላማውን ከፈለው፤ ጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. የኢቬታ ራዲቾቫ መንግሥት በዚሁ ድምፅ ወደቀ። በቀናት ውስጥ ግን ፓርላማው መልሶ አጸደቀው። በ2020 ደግሞ አውሮፓውያኑ በኮቪድ ምክንያት 750 ቢሊዮን ዩሮ በጋራ ለመበደር ተስማሙ። ከ10 ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ ማለት ነው።

ትምህርቱ ይኸውላችሁ፦ ሰዎች ለሌላው መክፈልን ሁልጊዜ አይጠሉም። የሚጠሉት ሳይጠየቁ መክፈልን፣ የተከፈለውም የት እንደገባ አለማወቅን ነው።

የኛ ሕግ ምን ይላል?

ከአውሮፓ የምንለይበት ነገር አለ። እኛ ፌዴራል ግምጃ ቤት አለን። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንቀጽ 62 መሠረት የጋራ ገቢና የክልሎች ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል። አብሮ መክፈል በሕግ ተጽፏል ማለት ነው።

የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ግንኙነት ግን ክፍተት አለበት። አንቀጽ 49 ንዑስ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት ይላል፤ አገልግሎትን፣ የተፈጥሮ ሀብትንና የጋራ አስተዳደርን ይጠቅሳል። ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ጸደቀ። ረቂቅ ሕጉ ፓርላማ የደረሰው በ2009 መጨረሻ ነው፣ ሳይጸድቅም ቀረ። በ22 ዓመት ውስጥ ከተማው አድጎ፣ መሬቱ ተወስዶ፣ ሕንፃው ቆሞ ነበር። የክልሎችን የወሰን ክርክር የሚፈታው አንቀጽ 48 ደግሞ ስለ ክልሎች ነው የሚያወራው፤ አዲስ አበባ ክልል አይደለችም። ሕጉ ባዶ የተወውን ቦታ ሰልፍና ድርድር ሞላው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?

ነሐሴ 2014 ላይ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ መስማማታቸውን አስታወቁ። ኮዬ ፈጬ በኦሮሚያ በኩል ሆነ። በ2015 በዙሪያው ያሉት ከተሞች ተዋሕደው ሸገር ከተማ ተመሠረተ፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ኮዬ ፈጬ ክፍለ ከተሞቹ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ሕንፃውን ያሠራው አንድ አስተዳደር፣ መታወቂያ የሚሰጠው ሌላ፣ ያበደረው ደግሞ የፌዴራል ባንክ ነው። ነዋሪው ለመንገድም፣ ለውሃም፣ ለወረቀትም ሲሯሯጥ ይህ ክፍፍል ይሰማዋል። ወሰን ቢቀየርም የባንክ ዕዳ አይቀየርም፤ ወር ሲደርስ ይከፈላል።

ዕጣ መጠበቅም አላለቀም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ በሌላ ጊዜም እንደገና ወጣ። ከ2005 ጀምሮ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ትልቁ ሥዕልም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መንግሥት በ2013 የዕዳና ንብረት አስተዳደር ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ የትልልቅ የልማት ድርጅቶችን የባንክ ዕዳ ወደዚያ አዛወረ። ታኅሣሥ 2016 ላይ ደግሞ አገሪቱ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ዕዳ አይጠፋም፤ ቤት ይቀይራል እንጂ። መጨረሻ ላይ በግብርም፣ በዋጋ ንረትም፣ በአገልግሎት መጓደልም ወደ እኛ ይመጣል።

በአጭሩ

አዲስ ፕሮጀክት ሲበሰር፣ ኮሪደርም ይሁን ቤት ይሁን የኢንዱስትሪ መንደር፣ ሦስት ጥያቄ እንያዝ፦

1. መሬቱን የለቀቀው ማን ነው? በምን ስሌት ተካሰ?
2. ብድሩን የፈረመው ማን ነው? ከየትኛው ባንክ?
3. ነገሩ ባይሳካ የሚከፍለው ማን ነው? ተጠይቋል?

መልሱ ከመጀመሪያው በግልጽ ከተነገረ ገበሬውና ቆጣቢው አይጣሉም። ኮዬ ፈጬ ላይ የተጣሉት መልሱን ሕንፃው ካለቀ በኋላ ስለሰሙት ነው።

እናንተ ኮዬ ፈጬ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከወሰን ለውጡ በኋላ በአገልግሎት ላይ ምን ተቀየረ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። በስድብ ሳይሆን በመረጃ እናውራ። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።