ሪች ዳንጀል

ሪች ዳንጀል (1942–2002 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በታኮማ ከተማ የተመሠረተው የ«ዘ ዌይለርስ» ባንድ መሪ ጊታሪስት ነበር። ብዙዎች ባንዱን ጋራዥ ሮክ ከተባለው የሮክ ዓይነት ፈር ቀዳጆች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። አባላቱ ገና የትምህርት ቤት ልጆች ሳሉ የቀረጹት፣ ዳንጀልም በድርሰቱ የተሳተፈበት «ቶል ኩል ዋን» የተሰኘ ግጥም አልባ ዜማ በ1959 በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 36ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

ስሙን ያቆየለት ግን ባንዱ በ1961 ያወጣው የ«ሉዊ ሉዊ» ዘፈን ቅጂ ነው። የባንዱ ድምፃዊ ሮኪን ሮቢን ሮበርትስ ዳንጀልን በጩኸት ይገፋፋዋል፤ እሱም ተቀብሎ አጭር፣ ሻካራና ችኩል ሶሎ ይለቃል። የፖርትላንዱ ባንድ «ዘ ኪንግስመን» በ1963 ዘፈኑን ለዓለም ሲያስተዋውቁ አካሄዱን፣ ጩኸቱን ጭምር፣ የወሰዱት ከዚህ ቅጂ ነው። ክብሩ ለእነሱ መሄዱ ፍትሐዊ አይመስልም።

ባንዱ በሲያትልና በታኮማ መካከል በነበረው «ስፓኒሽ ካስል» የዳንስ አዳራሽ ዘወትር ይጫወት ነበር፤ ጂሚ ሄንድሪክስ በኋላ በዘፈን ያነሳው ይህንኑ አዳራሽ ነው።

ዳንጀል በ1960ዎቹ አጋማሽ ከባንዱ ወጣ። ከጊታሪስት ጆ ጆሀንሰን ጋር «ፍሎቲንግ ብሪጅ» በተባለው የብሉዝ ሮክ ባንድ ተጫወተ፤ ሁለቱ ጊታሮች እየተቀባበሉ የሚጓዙበት አልበማቸው በ1969 ታተመ። ቀስ በቀስም ወደ ጃዝ አዘነበለ። እንደ «ሉዊ ሉዊ» ባለ የሦስት ኮርድ ዘፈን የታወቀው ሰው በሲያትል አካባቢ ጃዝ እየተጫወተና ጊታር እያስተማረ ኖሮ በ2002 አረፈ።