በአፍላ ወጣት ፍቅረኞች መካከል የሚፈጸም ጥቃት

በፍቅር ስም አንዱ ሌላውን የሚቆጣጠርበት፣ የሚያስፈራራበት፣ የሚደበድብበት ወይም ያለፈቃድ ወሲብ የሚፈጽምበት ድርጊት ነው። ወንዶች ልጆችም ይጠቁበታል፤ ይበልጥ የሚጎዱት ግን ሴቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በዱላ አይጀምርም። መጀመሪያ ልጁ የፍቅረኛውን ስልክ ተቀብሎ ማን እንደደወለላት ይፈትሻል፤ ከጓደኞቿ ይነጥላታል፤ እሷም ቅናቱን እንደ ፍቅር ትቆጥረዋለች። ውሎ አድሮ አንገቷን በነጠላ ሸፋፍና ክፍል ትገባለች፤ ስትጠየቅም «ወድቄ ነው» ትላለች።

በሰሜን ሸዋ ከአንኮበርና ከሌሎች ወረዳዎች ገጠር ስንቃቸውን ይዘው ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ከወላጅ ዓይን ይርቃሉ። ስለዚህ የጥቃቱን ምልክት ቀድመው የሚያዩት አከራዮቻቸውና የክፍል ጓደኞቻቸው ናቸው።

ሕጉም ራሱ ቀድሞ ለአጥቂ ቀዳዳ ነበረው፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባ አይከሰስም ነበር። ይህን ክፉ ቀዳዳ የዘጋው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ ለጋብቻ ተብሎ የሚፈጸም ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

የተደፈረች ልጅ ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ ፈጥና ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል። ጥቃቱን መከላከል የሚሠምረው በትምህርት ቤት የሥርዓተ ፆታ ክበባት ወንዶቹም ሲሳተፉ፣ በቤትም ልጅቱ ስትናገር ከቁጣ በፊት የሚያዳምጣት ሲኖር ነው።