የንክኪ ዲኤንኤ፦ ሸሚዝ ላይ የሚቀር የሰው ምልክት

በጋምቤላ ከተማ መሃል፣ በገበያው ግርግር፣ አንድ ሰው ከኋላው ሸሚዙ ተጨምድዶ ተይዞ ተዘረፈ እንበል። ደም አልፈሰሰም፤ ከጨርቅ ላይም የጣት አሻራ በቀላሉ አይነሳም። ሸሚዙን የጨበጠው እጅ ግን የረገፈ የቆዳ ሕዋስና ላብ ትቶበት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ዓይነቱ ቅሪት የሚገኘውን ዲኤንኤ የውጭ መርማሪዎች «ተች ዲኤንኤ» ይሉታል፤ በአማርኛ «የንክኪ ዲኤንኤ» ቢባል ይስማማዋል።

ሮላንድ ቫን ኦርስሆትና ማክስዌል ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በእጅ ከተነኩ ዕቃዎች ዲኤንኤ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳወቁ። አንድ ሕዋስ የሚይዘው ዲኤንኤ 6 ፒኮግራም ያህል ነው፤ ፒኮግራም ደግሞ የግራም ትሪሊዮንኛ ነው። ቤተ ሙከራው ይህችን ኢምንት ፒሲአር በሚባል ዘዴ አባዝቶ ያነባታል። ናሙናውን ለማንሳት ጓንትና ጭምብል ያደረገ ባለሙያ የሚጣበቅ ቴፕ እየለጠፈ ያነሳል፣ ወይም በረጠበ ጥጥ ይጠርጋል፣ አለዚያም ጨርቁን ይቆርጣል። አንገትጌው፣ ብብቱና የእጅጌው ጫፍ በለባሹ ሕዋስ የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ ተበዳዩ «እዚህ ጋ ነው የያዘኝ» ብሎ ማሳየቱ የሥራው እኩሌታ ነው።

ማነጻጸሪያ ከሌለ ግን ንባቡ ብቻውን ስም አይሰጥም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው አውሮፕላን የሞቱት 157 ሰዎች ሲለዩ ቤተሰቦች ናሙና የሰጡት ለዚህ ነበር። በወንጀል ምርመራም፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 ሐኪም ተጠርጣሪን እንዲመረምርና ደም እንዲወስድ ይፈቅዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የውጤቱ አተረጓጎም ነው። ዲኤንኤ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ እንዴትና መቼ እንደደረሰ አይናገርም። ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ሸሚዝ የቀድሞ ባለቤቱን ሕዋስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ባጃጅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የተነካካ ሰውም እንዲሁ የራሱን ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ በግድያ የተከሰሰ ሰው ዲኤንኤው በሟቹ ጥፍር ላይ ተገኘ። ሰውየው ግን በዚያች ሌሊት ሰክሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እሱን ያነሱት የአምቡላንስ ሠራተኞች ቆይተው ወደ ሟቹም ተጠርተው ኖሯል። ነጻ እስኪወጣ ወራት ታሰረ። በንክኪ ዲኤንኤ ብቻ ማንም ሰው ሊፈረድበት አይገባም።

ባሮ ዳር ያለችው ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች፣ ሞቃትና እርጥብ ከተማ ናት። በላብ የራሰ ልብስ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ባክቴሪያና ሻጋታ ዲኤንኤውን ያጠፉታል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣም ጨረሩ ይሰባብረዋል። እንግዲህ የተጠቃ ሰው ቤታችሁ ቢመጣ ልብሱን አትጠቡ፣ አታራግፉ፣ ከእጅ ወደ እጅ አታቀባብሉ። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለፖሊስ አስረክቡ፤ እርጥብ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ጥላ ሥር ይድረቅ።