ሰፊው ሸራና ጠባቡ መስኮት፤ የፊልም ቅርጽ ታሪክ ከሐይቅና ከአምባሰል ምድር ሲታይ

ስለ ፊልም ታሪክ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በተዋንያኑ፣ በአዘጋጆቹና በታሪኩ ይዘት ላይ ነው። ሥዕሉ ስለሚያርፍበት ሸራ ቅርጽ፣ ማለትም ወርዱ ከቁመቱ ጋር ስላለው መጣጣን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ጉዳዩ ለመሣሪያ ባለሙያ የሚተው ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሸራው ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ከሥዕሉ መጠን ጋር ሌላም ነገር አብሮ ይለወጣል፤ ይኸውም ሰው ከነመሬቱ መታየቱ ወይም ከመሬቱ ተቆርጦ ብቻውን መቅረቱ ነው። ይህን ለመመርመር ወሎ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል፤ ዓለም የወሎን ሕዝብ ፊት ደጋግሞ ያየውን ያህል የወሎን ምድር አላየምና።

ከደሴ ተነሥቶ የወልድያን መንገድ በመያዝ ወደ ሰሜን 28 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። በከተማይቱ አጠገብ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ውሃው ገባ ባለው ምድር ላይ ተቀምጧል፤ በስተሰሜን ደግሞ ግሸንን የያዘው የአምባሰል ተራራማ አገር ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን መልክዐ ምድር የሚመለከት ዐይን ከዳር እስከ ዳር መጓዝ ግድ ይሆንበታል። በአንድ ጊዜ ሁሉን አይጨርስም፤ ከውሃው ጀምሮ ማሳውን ያልፋል፤ ከማሳው ወደ ገደሉ፣ ከገደሉም ወደ አምባው ይሸጋገራል።

በዚሁ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ያቋቋሙት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። በስማቸው የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የብራና ወንጌል ሥዕሎች አሉት። በዘመኑ የአሣሣል ልማድ ቅዱሱ ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ከኋላው ሐይቅም ሆነ ተራራ አይሣልም። ይህ ጉድለት አልነበረም። ወንጌሉን ገልጦ ሥዕሉን ያየ መነኩሴ ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ውሃውንም ተራራውንም በዐይኑ ያገኘዋል፤ ሠዓሊው ሊያመጣለት የሚገባው ያላየውን ቅዱስ ነበር። የፊልም ተመልካች ዕጣ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። እርሱ በሩቅ ከተማ፣ በጨለማ አዳራሽ ወይም በቤቱ ተቀምጧል። ሥዕሉ ምድሩን ይዞ ካልመጣለት ከሌላ ከየትም አያገኘውም።

ሲኒማ በተወለደበት ዘመን የነበረው የሥዕል ቅርጽ ለካሬ የቀረበ ነበር። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ እያንዳንዱ ሥዕል በቁመቱ አራት ቀዳዳዎች ይይዝ ስለ ነበረ ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጠው በአንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ለዳግማዊ ምኒልክ የተበረከተው መሣሪያም የዚህ ትውልድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1898 አንድ ፈረንሳዊ ወደ አገራችን ያስገባውን መሣሪያ የኢጣሊያው መልእክተኛ ቺኮዲኮላ ገዝቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ገጸ በረከት አድርጎ አቅርቦታል። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ በሰፊው የታወቀ ነው።

ወሎም በዓለም ሸራ ላይ የታየው በዚሁ ቅርጽ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ በከተማይቱ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና የዜና ፊልም አንሺዎች ነበሩ። የተቃጠለው ቤትና የቆሰለው ሰው በአውሮፓና በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ታየ። ምስክርነቱ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሥዕል ደሴ የአንድ መንገድ ቁራጭ እንጂ በጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች ከተማ መሆኗ ለተመልካቹ ሊታወቀው አይችልም ነበር።

ሸራውን ያሰፋው ንግድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን በአሜሪካ ቤቶች ሲገባ ሲኒማ ቤቶች ተመልካቻቸውን እያጡ ሄዱ። የፊልም ኩባንያዎችም ቴሌቪዥን ሊሰጥ የማይችለውን ለመስጠት ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲኔራማ በሦስት ፕሮጀክተሮች ሦስት ሥዕሎችን ጎን ለጎን በማስተላለፍ 146 ዲግሪ የሚታጠፍ ሸራ ሞላ። መሣሪያው ውድና አስቸጋሪ ስለ ነበረ በዓመቱ ሲኒማስኮፕ መጣ። የዚህ ብልሃት መሠረት ፈረንሳዊው ሳይንቲስት አንሪ ክሬትየን በ1920ዎቹ የሠራው ሌንስ ነው። ሌንሱ ፊልሙ በሚነሣበት ጊዜ ሥዕሉን በወርዱ በግማሽ ይጨምቀዋል፤ በሚታይበት ጊዜ ደግሞ በፕሮጀክተሩ ላይ የሚገጠመው አቻው መልሶ ይዘረጋዋል። በዚህ መንገድ ያው የጥንቱ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ሥዕል ሰጠ። መጣጣኑ በመጀመሪያ 2.55 ለ1፣ በኋላም 2.35 ለ1 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶድ ኤ.ኦ. የተባለው ዘዴ በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ የጠራ ሥዕልና ስድስት የድምፅ መሥመሮችን አቀረበ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ፊልም በተገቢው አዳራሽ መመልከት ምን ይመስላል? የመጀመሪያው ልዩነት ዐይን ሥራ ማግኘቱ ነው። በጠባቡ ሸራ አዘጋጁ የሚፈልገውን በመካከል አስቀምጦ ያሳያል፤ በሰፊው ሸራ ግን ሁለት ሰዎች በሁለት ዳር ቆመው ሲነጋገሩ የትኛውን እንደሚመለከት የሚመርጠው ተመልካቹ ነው። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታም ይናገራል፤ መራራቃቸውን ያለ ቃል ያስረዳል። ሁለተኛው ልዩነት የጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው «የአረቢያው ሎሬንስ» በተባለው ፊልም አንድ ግመል ጋላቢ ከበረሃው አድማስ እንደ ነጥብ ብቅ ይላል፤ በሙቀቱ ነጸብራቅ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ቀስ በቀስ ሰው ይሆናል። በ70 ሚሊ ሜትር ሸራ ላይ ያንን ነጥብ ፈልጎ የሚያገኘው ራሱ ተመልካቹ ነው። በትንሽ መስኮት ሲታይ ነጥቡ ይጠፋል፤ ትዕይንቱም ምንም የማይታይበት ረጅም ዝምታ ይሆናል።

ወደ አገራችን አዳራሾች ስንመለስ ሕንፃዎቹ ከሰፊው ሸራ ይቀድማሉ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የነበሩት ሲኒማ ቤቶች ነጭንና ጥቁርን በሚለይ ሕግ የሚተዳደሩ፣ የተሠሩትም ለጥንቱ ቅርጽ ነበር። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። ሲኒማስኮፕ በወጣ በሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ ኢምፓየር፣ ሲኒማ አምባሳደርና ሲኒማ ራስ የአዲስ አበባን ወጣት ከካውቦይና ከሕንድ ፊልም ጋር አስተዋወቁ። ሰርጂዮ ሊዮኔ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራቸው የኢጣሊያ ካውቦይ ፊልሞች የተነሡት ቴክኒስኮፕ በተባለ ቁጠባዊ ዘዴ ነው፤ ለአንድ ሥዕል አራት ቀዳዳ በመውሰድ ፈንታ ሁለት ብቻ በመውሰድ በግማሽ ፊልም ሰፊ ሥዕል ያስገኛል።

በየትኛውም አገር ለጥንቱ ቅርጽ የተሠራ አዳራሽ ሰፊውን ፊልም ለማሳየት ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው የመድረኩን አፍ ማስፋት ነው፤ ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው ወርዱን እንደ ነበረ ትቶ ቁመቱን መቀነስ ነው፤ ያን ጊዜ «ሰፊ» የተባለው ፊልም ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ነገሩ ሁሉ በኦፐሬተሩ እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የሚዘረጋውን ሌንስ ሳይገጥም ቢቀር ሰዎቹ ሁሉ እንደ ሸንበቆ ቀጥነው ይታያሉ፤ የሥዕሉን መክደኛ ሳይቀይር ቢቀር ጭንቅላት ወይም እግር ይቆረጣል። 20 ደቂቃ ያህል የሚሄደው ጥቅል ሊያልቅ ሲል ከአንዱ ፕሮጀክተር ወደ ሌላው ተመልካች ሳያውቅ ማሸጋገርም የእርሱ ጥበብ ነበር። ስሙ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ ያልተጻፈ ይህ ሙያተኛ የሰፊው ሸራ እውነተኛ ባለቤት ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንድረስ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት የውጭ አገር ፊልሞች ኢትዮጵያን ለዓለም አሳዩ። አንደኛው «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ የጀብዱ ፊልም ነው። ከፊሉ በአገራችን የተነሣ ሲሆን በፓናቪዥን ሌንስ በ2.35 ለ1 ቅርጽ ተሠርቷል። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምቢልቢ በወሎ ያነሣውና ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው «ያልታወቀው ረኃብ» ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ምድር በሰፊው ሸራ የሌሎች ጀብዱ መድረክ ሆነ፤ የወሎ ገበሬ ግን በጠባቡ መስኮት ያለ ምድሩ ታየ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተላከው ሥዕል በቢ.ቢ.ሲ. ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ።

ፊልም አንሺዎቹን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የነበራቸው መሣሪያ ያ ነበር፤ ሥዕላቸውም እርዳታ አስገኝቶ የብዙዎችን ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ጠባቡ መስኮት ፊትን ያጎላል፤ ፊቱ የተነቀለበትን ማሳ፣ የደረቀውን ምንጭ፣ እህል ሊያመጣ ይችል የነበረውን መንገድ ከውጭ ያስቀራል። ምክንያቱ የማይታይ ረኃብ ደግሞ እንደ መዓት ይቆጠራል። ወሎ በብዙ ሰው አእምሮ ሐይቅና አምባ፣ ጤፍና ማሽላ፣ ቅኝትና ቅኔ የሌላት የተዘረጋች እጅ ብቻ ሆና የቀረችው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። አምባሰል በሙዚቃችን ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች የአንዱ ስም መሆኑን የሚያውቅ የባዕድ አገር ተመልካች ስንት ይሆን?

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሸራው ወርድ ብቻውን እውነትን አያመጣም። ሊዮኔ ሰፊውን ሸራ በሁለት ዐይኖች ብቻ ሲሞላው አይተናል። በአንጻሩ ኃይሌ ገሪማ በ1974 እ.ኤ.አ. በሁለት ሳምንት ውስጥ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ያነሣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ቅርጹ ሰፊ ባይሆንም ገበሬውን ከመሬቱ ለአፍታ እንኳ አይለየውም። ካሜራው ይርቃል፤ ይታገሣል፤ ሰውየው ሜዳውን አቋርጦ እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃል። ሳሌም መኩሪያም እ.ኤ.አ. በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ ባቀረበችው የቪዲዮ ሥራ ሦስት ሸራዎችን ጎን ለጎን በማቆም የኢትዮጵያን ታሪክ ከሦስት ወገን በአንድ ጊዜ እንድናይ አድርጋለች። ስለዚህ ሰፊነት በመጀመሪያ የአመለካከት ጉዳይ ነው፤ ሌንሱ የሚከተለው አመለካከቱን ነው። ያም ሆኖ አንድ አዘጋጅ አስቦና መዝኖ የመረጠውን ቅርጽ ሌላ ሰው ሊቆርጠው አይገባም።

መቁረጡ ግን ዛሬም አልቀረም። የ2.35 ለ1 ፊልም በጥንቱ ቴሌቪዥን መስኮቱን እንዲሞላ ሲደረግ ከሥዕሉ 43 በመቶው ይጣል ነበር። በዛሬው ሰፋ ባለ ቴሌቪዥንም ቢሆን «ጥቁሩ መስመር ይጥፋ» ተብሎ ሲለጠጥ ወደ 24 በመቶ ይጠፋል። ከላይና ከታች የሚታየው ጥቁር መስመር ጉድለት የሚመስለው ተመልካች ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን መስመሩ ሥዕሉ ሙሉ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የአማርኛ ፊልሞች በቪዲዮ እየተሠሩ አዳራሾቹን ሞሉ። ይህ የአገራችንን ፊልም ሕይወት የሰጠ ታላቅ ለውጥ ነው፤ በዚያው መጠን ግን የ35 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተር፣ ሌንሱና ኦፐሬተሩ ከሥራ ወጡ። አሁን ደግሞ ወጣቱ ቆሞ በተያዘ የእጅ ስልክ እየቀረጸ ነው፤ ይህ ቅርጽ ከዲምቢልቢ መስኮት እንኳ የጠበበ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይገባል። አንደኛ፣ በየአዳራሹ የማሳያ ክፍል አቧራ ለብሰው የሚገኙት ሌንሶች፣ መክደኛዎችና የፊልም ጥቅሎች እንደ ቁራጭ ብረት ሳይሸጡ ተቆጥረው ይመዝገቡ፤ በእነርሱ የሠሩ አዛውንትም ቃላቸው ይወሰድ። ሁለተኛ፣ የጥንት ፊልሞች ለሕዝብ ሲታዩ፣ በዲጂታል መሣሪያም ቢሆን፣ በተሠሩበት ሙሉ ቅርጽ ይታዩ፤ ይህ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄና አንድ ነጭ ግድግዳ ይበቃዋል። የ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 በቦሎኛ ታድሶ መገኘቱ ለዚህ መልካም መነሻ ነው። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያሉ ትዕይንቶች በመዲናይቱ ብቻ ሳይወሰኑ እንደ ሐይቅ ባሉ ከተሞችም ይዘጋጁ። በሐይቅ ከተማ የሚያድግ ወጣት የባዕድ በረሃ ከዳር እስከ ዳር እንዴት እንደ ተቀረጸ በሙሉ ሸራ ቢያይ፣ ካሜራውን ወደ ደጁ ባዞረ ጊዜ ምን ያህል ወደ ኋላ መራቅ እንዳለበት ያውቃል።