ጊደር መጋላ

ጊደር መጋላ በሐረር ከተማ፣ በጁገል ግንብ ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ገበያ ነው። በአማርኛ ጊደር ያልወለደች ላም ብትሆንም፣ በሐረሪ ቋንቋ ግን ቃሉ «ትልቅ» ማለት ነው፤ መጋላ ደግሞ ገበያ ነው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የከተማው አመሠራረት

በሐረሪዎች ትውፊት መሠረት ከተማውን ያቀኑት ከሒጃዝ የመጡት ሼኽ አባድር ናቸው። «ፈትሕ መዲነት ሐረር» የተባለው የዓረብኛ ጽሑፍ የመጡበትን ጊዜ 612 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1216 ገደማ) ያደርገዋል። በሌላ በኩል ዩኔስኮ በጁገል ካሉት 82 መስጊዶች ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ይገልጻል። የሐረሪ ቋንቋም የአማርኛ ዘመድ የሆነ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በመሆኑም የከተማው ታሪክ የመጤዎችም የነባር ሕዝብም ታሪክ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። በኋላም የሕንድ፣ የአርመንና የየመን ነጋዴዎች በሐረር ኖረዋል።

ዕደ ጥበብ

* ስፌት፦ የሴቶች ሙያ ነው። የሣር እግር በቀለም በተነከረ ቀጭን ሣር እየተጠቀለለ በወስፌ ይሰፋል። የተሰፋው ዕቃ በባህላዊው የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ይደረደራል፤ ለሙሽራም ይሰጣል። ሙያው እስከ ዛሬ የዘለቀው ለጎብኚ ስለሚሸጥ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ ቦታ ስላለው ነው።
* የመጽሐፍ ጥረዛ፦ ሐረር በእጅ በሚጻፉ ቁርኣኖችና በቆዳ ጥረዛ የታወቀች ነበረች። የታተመ መጽሐፍ ሲስፋፋ ግን የጸሐፊውና የጠራዡ ሥራ ተዳከመ። በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን ሰብስቦ ይዟል።
* ልብስ ስፌት፦ ፈረስ መጋላን ከጊደር መጋላ የሚያገናኘው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው።

ጉብኝት

በሐረር በር የሚገባ ጎብኚ በቀጥታው መንገድ ፈረስ መጋላ ይደርሳል፤ ከዚያ በመኪና ግርግር በእግሩ ወደ ጊደር መጋላ ይወርዳል። በገበያው ቅመማ ቅመምና ሥጋ ይሸጣል። ከላይ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ካልተጠነቀቁ ሥጋ ከእጅ ይነጥቃሉ።