ከጉርድ ፎቶ ወደ ሸራ፦ የሰውን መልክ በብርሃንና በጥላ መሣል

ከኢትዮጵያ ለመጣ ብዙ ቤተሰብ የእናት ወይም የአያት መልክ የቀረው በአንዲት ጉርድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ለሰነድ ሲባል ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የተነሣ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ፎቶ። የቤርሸባ ልጆች ሥዕል ሲማሩ ከቤት የሚቀርብላቸው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ «ይህን አሳድገህ ሣልልን።»

ማሳደጉ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ፎቶው የደበቀውን ማግኘት ነው። ጠይም ሴት ነጭ ነጠላ ለብሳ ስትነሣ፣ ነጩ ያለ ልክ እንዳይበራ ብርሃኑ ይቀነሳል፤ ያን ጊዜ ፊቷ ይጨልማል። ይህም ብቻ አይደለም። የቀለም ፎቶ የሚያትሙ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልከው የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ካርዱ «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ሥራው ተሠራ ይባላል። የጥቁር ሰው ጉንጭና ዐይን ሥር አንድ ላይ ጠቁሮ ቢቀር ብዙም አያሳስብም ነበር። ስለዚህ በፎቶው ላይ የጠቆረው ሁሉ ጥላ ነው ብሎ የሚሥል ልጅ የማያውቃትን ሴት ይሥላል።

ንቅሳትን እንውሰድ። በጎንደር ሴቶች አንገት ላይ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ንቅሳት በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ የአገጭ ጥላ ሊመስል ይችላል። ይህን የሚለየው ሰውየዋን በዐይኑ ያየ ሰው ብቻ ነው። ከሥዕሉ በፊት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መጠየቅ ያለባቸውም ለዚህ ነው፦ መልኳ ቀይ ነበር፣ ጠይም ወይስ ጥቁር? ጥርሷ ፍንጭት ነበረው? ንቅሳቱ እስከ የት ይደርሳል?

ቀጥሎ የሚፈለገው ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ነው። የአፍንጫ ጥላ ወደ ቀኝ ከወደቀ ብርሃኑ ከግራ ነው። ዐይን ውስጥ ያለች ነጭ ነጥብም ትመሰክራለች፤ መሃል ብሌኑ ላይ ከሆነች ፍላሽ ነው፣ ፊቱም እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ይሆናል። ደጅ ለተነሣ ፎቶ ደግሞ ፀሐይዋን ማሰብ ያሻል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ጎንደር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይፈጠራል። በአሮጌ ፎቶ ላይ የተቆጡ የሚመስሉ ስንት አባቶች አሉ! ብዙዎቹን ያስቆጣቸው ፀሐይ ነው።

የሀገራችን የጥንት ሣይ ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ጻድቅ ሁለት ዐይኑ እየታየ፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ በአንድ ዐይን ይሣላል። ሆኖም በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ፣ የጎንደር ሠዓሊዎች ጉንጭንና አንገትን በጥላ ማድበልበል ጀምረው ነበር። በዘመናዊው ትምህርት አለ ፈለገሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከ1991 ዘመቻ ሰለሞን ጋር በልጅነቷ የመጣችው ኒሪት ታከለም ሰዎቿን በቡናማ ቀለም ደረጃዎች እንደ ሸክላ ቅርጽ ድቡልቡል አድርጋ ትሥላለች። የወለቃን የሸክላ ምስሎች በእጁ የዳሰሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ወደ ሥራው እንመለስ። ዋናው ፎቶ አይነካም፤ በስካነር ተነሥቶ ሁለት ቅጂ ይታተማል፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ጥቁሩ ውስጥ ያለው እንዲታይ በጣም ፈካ ብሎ። በቅጂው ላይ ካሬዎች ይሠመራሉ። 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፎቶ 40 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ፣ የፎቶው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ካሬ በሸራው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ዐይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላ ሁለት ቦታ ይለያሉ። መጀመሪያ በከሰል ሁለቱ ብቻ ይለያሉ። ሽፋሽፍትና የሹሩባ መስመር የመጨረሻ ሥራ ናቸው፤ ጀማሪ ግን ሁልጊዜ የሚቸኩለው ወደነሱ ነው።

ለጥላው ጥቁር ቀለም ከቱቦ አይጨመቅም፤ ፊትን አመድ ያስመስላል። ቡናማና ጥልቅ ሰማያዊ ሲቀላቀሉ ሕይወት ያለው ጥቁረት ይሰጣሉ፤ ትንሽ የሸክላ ቀይ ሲገባ ደግሞ ይሞቃል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅርጹን የሚናገረው ከጥላው ይልቅ ብልጭታው ነው፦ ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጫፍ። ነጭ ነጠላም ብርሃን መልሶ ወደ አገጭ ሥር ይልካል። ፎቶው ይህን አያሳይም፤ ሠዓሊው ግን ካስገባው ፊቱ ከጨለማው ይወጣል።

ፍላሽ ጠፍጣፋ ያደረገው ፊት ከሆነ፣ ያንኑ አጥንት የወረሰች ልጅ ወይም እህት ነጠላ ለብሳ መስኮት አጠገብ ትቀመጥ። በቤርሸባ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን የረጋ ነው። ጥላው ከእሷ ይወሰዳል፣ መልኩ ከፎቶው።

ያለቀው ሥዕል የኔጌቭ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጉርድ ፎቶውም ወደ ፖስታው ይመለሳል፤ ጀርባው ላይ ስምና የተነሣበት ቦታ በእርሳስ ይጻፋል፣ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋልና።