ዝናብ፣ ኩራዝና መጽሐፍ፦ የኢሉባቦር ክረምቶች

የኢሉባቦር ልጅ መሆኔን ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዝናቡ ነው። «እውነት እዛ ፀሐይ ታያላችሁ?» ይሉኛል። እናያለን፣ ትንሽ ትንሽ። ጎሬ ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ «ዘንድሮስ ክረምቱ በዛ» እያለች የምታማርረው በ1,200 አካባቢ ነው። ቀጥለው ስለ ማሩ፣ ከዚያ ስለ ቡናው ይጠይቃሉ። ስለ መጽሐፍ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔ ደግሞ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ብሆንም ማውራት የምወደው ስለሱ ነው።

አስቡት እስኪ። በኦሮምኛ የታተመ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው ሰው የተወለደው ሁሩሙ አጠገብ ነው። ከአማርኛ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሁሉ ደርግን ያስቆጣው ደራሲ ደግሞ የተወለደው ሱጴ ነው። ሁለቱም ኢሉባቦር ናቸው፤ መሀላቸው መቱ አለች፣ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳን አይሆንም። ይሄን ያወቅኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ራሴ ፈልጌ ነው፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ።

የመጀመሪያው ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ «ፈቺ፣ ተርጓሚ» እንደ ማለት። ገና ሕፃን ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ወስደው ሸጡት፤ ከእጅ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ፣ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ። በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ተማረ፣ ስዊድን ሄዶም ተምሮ መጣ። ስሙ እንደሚለው ተርጓሚ ሆነ። አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1893 አሳተመ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ታተመ። በመሀል፣ በ1894፣ «ጀልቀበ በርሲሳ» የተባለች የንባብ መጽሐፍ ወጣች።

እኔን ከሁሉም በላይ የምትገርመኝ ይቺኛዋ ናት። ምክንያቱም የውስጧ ብዙው ሀብት የመጣው ከአስቴር ጋኖ ነው። አስቴርም እንደሱ በባርነት ተሸጣ፣ ወደ አረብ አገር ልትሻገር ስትል ባሕር ላይ ነፃ የወጣች ልጅ ናት። ተረት፣ ምሳሌ፣ ዘፈን፣ እንቆቅልሽ፤ በቃሏ የያዘችውን ወደ 500 የሚጠጋ ነገር ወረቀት ላይ አሰፈረችው። እነዚህ ነገሮች የማን ናቸው? ማታ እሳት ዙሪያ የሚነገሩ ናቸው። ሂቦ የሚባለውን የእንቆቅልሽ ጨዋታ እኛም ልጆች ሆነን ተጫውተነዋል። እሷ ግን ከእሳቱ ዳር ከተነጠቀች በኋላ፣ ሙቀት በሚፈጀው በቀይ ባሕር ዳርቻ ተቀምጣ፣ አንድ በአንድ እያስታወሰች ጻፈችው። በእኔ ሙያ ይሄን ባክአፕ እንለዋለን። ሰርቨሩ በሌለበት ከአንድ ሰው ጭንቅላት የተወሰደ ባክአፕ።

መጽሐፎቹ ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስ ዓመታት ፈጅተዋል። ኦነሲሞስ በሱዳን በኩል ለመግባት ሞክሮ አልተሳካለትም ነበር። ነቀምት የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ እዚያ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ1931 እዚያው አረፈ። የታተሙት ሁሉ በሳባ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት በቁቤ መጻፍ ጀመረ። ምርጫው የራሱ ምክንያትና ታሪክ አለው፣ እዚህ አልከራከርበትም። ውጤቱ ግን ይሄ ነው፦ የሁሩሙ ልጅ በቁቤ ብቻ ካደገ የአገሩ ልጅ ያሳተመውን ገጽ እንዳለ ቢሰጡት ማንበብ አይችልም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከፊደል ወደ ፊደል ሊገለብጥለት ይገባል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ሞክሬው አውቃለሁ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ መለየት ላይ ሰው ካልገባበት ብቻ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ክረምቱ ልመለስ። «ክረምት መንገድ ይዘጋል» ሲባል ሰምታችኋል። ትክክል ነው፣ አዲስ አበባን መሀል ካደረጋችሁ። በእኛ በኩል ግን ሌላ መንገድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ስምምነት አፄ ምኒልክ ለእንግሊዞች ባሮ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ የንግድ ቦታ ሰጡ። ከካርቱም የሚመጡት በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎች ጋምቤላ ድረስ መድረስ የሚችሉት ባሮ ሲሞላ ነው፤ ባሮ የሚሞላው ደግሞ በክረምት ነው። ቡናው በጋውን በበቅሎ እየተጫነ ወርዶ መጋዘን ይከማቻል፣ ውኃው ሲመጣ ይጫናል። በምላሹ ጨርቅና ጨው ይመጣል። ጎሬ የዚህ ንግድ አናት ነበረች፤ የግሪክና የሶርያ ነጋዴ፣ የእንግሊዝ ቆንስላ፣ ሁሉም እዛ ነበር። ስለዚህ በጭቃው ምክንያት ከአዲስ አበባ በምትቆረጥበት ወር ከካርቱም ጋር ትገናኛለች። ሁለት ኬብል አላት በሉት፣ አንዱ በፀሐይ አንዱ በዝናብ የሚሠራ።

ያ ዝናብ አንድ ጊዜ አገር ጠብቋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጡ መንግሥቱ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ታዘዘ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ኃላፊነቱን ያዙ፣ በኋላም ራስ እምሩ ወደዚያው መጡ። ጣሊያን አዲስ አበባ ገብቶ ክረምቱ ያዘው። በዚያ ጭቃ ጦር ይዞ ወደ ምዕራብ መሄድ አልሆነለትም። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ክረምቱ ማብቂያ የኢትዮጵያ መንግሥት ነኝ የሚል አካል፣ ነፃ ሰንደቅ ዓላማ ያለው፣ ጎሬ ላይ ዝናብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰማዩ ሲጠራ ጣሊያን መጣ፤ ጎሬ በኅዳር ወር ተያዘች፣ ራስ እምሩ በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ።

ከእሳቸው ጋር ከተማረኩት አንዱ ወጣት አስተማሪ ነበሩ። ጣሊያን አገር ታስረው ዓመታት ቆዩ። ስማቸው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። አዎ፣ እኚያው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ፣ ከዚያ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ተረከው፣ እና የምዕራቡ ዘመቻ ምርኮኛ የጻፉት ልብ ወለድ በአየር ላይ ተመልሶ መጣ።

ራዲዮ ሲባል ዛሬ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ይመስላችኋል። መቱ የኢትዮጵያ ራዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ ስለነበራት በእኛ በኩል ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማ እንደነበር የሰፈር ሰው እስከ ዛሬ በኩራት ያወራል። ችግሩ የራዲዮ ድንጋይ ነበር። በበጋ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ትንሽ ነፍስ ይዘራል። በክረምት ፀሐይ ከየት ይምጣ? ምድጃ ዳር ይደረደራል። እናቴ እንደነገረችኝ «ከመጻሕፍት ዓለም» ከመጀመሩ በፊት ቀኑን ሙሉ ራዲዮ መክፈት ክልክል ነበር፤ ዜናም ቢሆን። ድንጋዩ ለትረካው ይቆጠባል። ጎረቤቱ ጎደሬ ቅቅሉን ወይ በቆሎውን ይዞ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁሉም ወደ ራዲዮው ይጠጋል። ፊደል የማይቆጥሩ አያቴ የጉዱ ካሳን ነገር አብጠርጥረው ያውቁ ነበር። መጽሐፉን አይተውት አያውቁም።

አይስላንዶች «ክቮልድቫካ» የሚሉት የቆየ ልማድ ነበራቸው። ረጅሙ የክረምት ማታ ላይ ቤተሰቡ ሱፍ ሲፈትል አንዱ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ስለሱ ሳነብ «እንዴ፣ ይሄማ የእኛ ቤት ነው» አልኩ። ልዩነቱ የእኛን የሚያነብልን ሰው አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ መቀመጡ ነው።

ራዲዮ ሰሚ ያፈራል፣ አንባቢ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ15 ቋንቋዎች፣ ኦሮምኛን ጨምሮ፣ ሁሉም በሳባ ፊደል። ተማሪ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ገጠር ይላካል። ዩኔስኮ ለዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ሽልማት ሰጥቷል። አባቴ በ1972 ክረምት ተራው ደርሶት ዘመተ፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ስለ ሽልማቱ ምንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው ጠመኔው በእርጥበቱ ምክንያት ሰሌዳው ላይ አልጽፍ ማለቱን ነው። በዘመቻው ብዙ ነገር ሊነቀፍ ይችላል፤ ደርግ ፊደሉን ሲያድል ፖለቲካውንም አብሮ ነበር የሚያድለው። አባቴ ግን ያስተማራቸው አንድ ገበሬ ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ ጠርተውት «ጋሼ፣ ደብዳቤዬን ራሴ ነው የጻፍኩት» ያሉትን እስከ ዛሬ ይነግረኛል። አሥራ ስምንት ዓመት ልጅን «ጋሼ» ማለታቸው ነው እሱን የሚያስቀው።

በዚያው ሰሞን፣ በ1970ዎቹ መባቻ፣ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ወረደ። መጽሐፉ ከኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ይመጣል፤ ከሞስኮ ደግሞ የፕሮግረስ ማተሚያ የአማርኛ ትርጉሞች በርካሽ ይመጣሉ። ኩራዝ የታተመውን በኩራዝ ማንበብ፣ የዚያ ትውልድ ቀልድ ነው። ቀልዱ ግን እውነት ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሌላ ምን አለ? መጽሐፍ በክረምት ይሻግታል፣ ስለዚህ በጋዜጣ ወይ ባለፈው ዓመት ካላንደር ይለበጣል፣ ጭስ በሚደርስበት ቆጥ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ የአባቴ መጽሐፍ አሁንም ሲከፈት ጭስ ጭስ ይላል።

ከሱጴው ልጅ ጋር የምንገናኘው እዚህ ጋ ነው። በዓሉ ግርማ ከህንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኦሮሞ እናት ተወልዶ አዲስ አበባ ሄዶ ተማረ፣ ጋዜጠኛ ሆነ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሹመት ደረሰ። የተወለደበትን አገር ግን አልተወውም። «የህሊና ደወል»ን፣ በኋላም እሱኑ አስፍቶ የጻፈውን «ሐዲስ»ን ያነበበ ያውቃል፤ ከተማ የተማረ ወጣት አስተማሪ ኢሉባቦር ሄዶ ትምህርት ቤት ለመሥራት ሲታገል ነው ታሪኩ። ለእኔ ከበዓሉ ሥራዎች ምርጡ «ሐዲስ» አይደለም፣ ሰባኪነት ይበዛበታል። ግን የእኛን ጭቃ፣ የእኛን ጫካ መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። አገሩ ካርታ ላይ ያለ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ ግን ሰው የሚኖርበት ይሆናል።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ያሳተመው ኩራዝ ራሱ ነው፣ የመንግሥት ድርጅት። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አባቴ ያኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበር። እሱ እንደሚለው መጽሐፉ እጁ የገባው በሚቀጥለው ክረምት ነው፤ ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣ ተማሪ ሌላ ሽፋን አልብሶ ይዞት መጣ። ሕጉ አንድ ሌሊት ነው። ማታ ትቀበላለህ፣ ጠዋት ትመልሳለህ፣ ከማን እንዳገኘህ አትጠይቅም፣ ለማን እንደሚሄድ አትጠይቅም። ስሙም አይጠራም፤ «ያቺ ነገር» ነው የምትባለው። ዝናቡ ለዚህ ተመቸ፤ በዚያ ጨለማና ጭቃ ማታ ሰው ቤት የሚገባ ካድሬ ጥቂት ነበር። በዚያው ዘመን ሞስኮ ውስጥ የታገዱ መጻሕፍት በጽሕፈት መኪና እየተባዙ ከእጅ እጅ ይሄዱ ነበር፣ «ሳሚዝዳት» ይሉታል። የፕሮግረስን መጽሐፍ በግልጽ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ «ኦሮማይ»ን ጋቢ ውስጥ የሚደብቀው የመቱ አስተማሪና የሞስኮው አንባቢ አንድ ዓይነት ሕይወት ይኖሩ እንደነበር አንዳቸውም አያውቁም።

እኔ ስደርስ ነገሩ ተለውጧል። ደርግ ሲወድቅ «ኦሮማይ» እንደገና ታተመ፣ ማንም ይገዛዋል። በ2004 ዓ.ም. መቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ከተማዋ በየክልሉ ልጆች ተሞላች። ክረምት ሲመጣ እነሱ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፣ እኛ በሌላ ከተማ የምንማረው ደግሞ እንመለሳለን፤ መናኸሪያው ላይ እንተላለፋለን። የእኛ ቦርሳ በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ አለበት። ከለገሃር ከጃፋር የተገዛ፣ ከአሮጌ ሻጭ የተገዛ፣ ከጓደኛ የተዋሱት ያልመለሱት። ሐምሌን ሙሉ እየተቀያየርን እናነባለን። አምስት ሰው አምስት መጽሐፍ ካመጣ ሁሉም አምስት አነበበ ማለት ነው። ስልኩ መጣ፣ ፒዲኤፍ መጣ፣ አሁን ብዙው እዛው ያነባል፤ ደራሲው ምንም ሳያገኝ። እኔ ኮዴን በነፃ የሚቀዳብኝን ሰው አልወድም፣ ስለዚህ መጽሐፉንም እገዛለሁ። መብራት ጠፍቶ ስልክ ሲዘጋ ደግሞ ወረቀቱ ያሸንፋል፣ መብራት ደግሞ በክረምት ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2025 «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ታተመ። አንድ ቅጂ ከውጭ አስመጥቼ ባለፈው ሐምሌ ለአባቴ ወሰድኩለት። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። መነጽሩን አደረገ፣ ሽፋኑን አገላበጠው፣ የበዓሉን ስም በላቲን ፊደል ሆሄ በሆሄ ቆጥሮ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ስንት ቀን ሰጡህ?» አለኝ።